ሐሳብ ከየት ይመጣል? ለግራፊክስ ዲዛይን ተማሪዎች

ሰላም ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የዛሬው ርዕስ የግራፊክስ ዲዛይን ተማሪዎች ሳይሰለቹ የሚጠይቁኝ ጥያቄ ነው። «ሐሳብ ከየት ነው የሚመጣው?» ሎጎ ታዟል፣ ማስረከቢያው ነገ ጠዋት ነው፣ ወረቀቱ ባዶ ነው። ምን ይደረጋል? ፒንተረስት፣ ያ የሰው ሥዕልና ዲዛይን ተሰብስቦ የሚታይበት ድረ ገጽ፣ ይከፈታል። አትሳቁ፣ ሁላችሁም ታደርጉታላችሁ።

እኔ ይህን ነገር የማስረዳው በእንጀራ ነው። አዎ፣ በእንጀራ፣ ታገሡኝ። የጤፍ ዱቄት ውሃ ስለነካው ብቻ እንጀራ አይሆንም። እርሾ ይፈልጋል። እርሾ ደግሞ ዛሬ ሲቸግር የሚፈጠር ነገር አይደለም፣ ካለፈው ሊጥ የተቀመጠ ነው። ይቦካል፣ ሁለት ሦስት ቀን ይተዋል፣ ማንም አይነካውም። ከዚያ ከሊጡ ትንሽ ይቀነስና በፈላ ውሃ በስሎ ተመልሶ ይገባል፣ አብሲት ይጣላል ማለት ነው። ሲነሳ ይጋገራል። እና የእናንተ እርሾ ምንድነው? ከዚህ በፊት አይታችሁ፣ ስላችሁ፣ ደብተር ላይ ያስቀመጣችሁት ነገር ነው። የታዘዛችሁት ሥራ ጤፉ ነው። አብሲቱ ደግሞ፣ ይቺን በጣም ነው የምወዳት፣ ካያችሁት ውስጥ ጥቂቷን ብቻ ነጥላችሁ በራሳችሁ እጅ ደጋግማችሁ ስትስሏትና ወደ ሥራው ስትመልሷት ነው። ፒንተረስት ላይ ያለውን እንዳለ ማንሳት? እንጀራ ከሱቅ ገዝቶ «እኔ ነኝ የጋገርኩት» ማለት ነው። በማስረከቢያው ሌሊት የተጀመረ ሥራ ደግሞ አፍለኛ ነው። አፍለኛ የሚወድ አለ፣ አልከለክልም፣ ግን በየቀኑ አይበላም።

እሺ፣ እርሾው የት ይገኛል? ሽሮ ሜዳ ሂዱ። የአንድ ቀሚስ ጥለት አፍንጫችሁ እስኪነካው ቀርባችሁ እዩ። ከሩቅ የዞረ የሚመስለው መስመር ሲቀርቡት ደረጃ ደረጃ ነው። ሸማኔው በድርና ማግ ነው የሚሠራው፣ ክር እየቆጠረ፣ ስለዚህ መስመሩን ማዞር ሲፈልግ አንድ አንድ እርምጃ እየሄደ ነው የሚያዞረው። ቅርጹን የወለደው መሣሪያው ነው። መውሰድ ያለባችሁ ይህን አሠራር ነው። ፖስተር ግርጌ ላይ ጥለት ለጥፎ «ኢትዮጵያዊ ዲዛይን» ማለት ግን፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ሰልችቶኛል።

ሌላ፣ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለው የኢትኖሎጂ ሙዚየም። መስቀሎቹ ጋ ስትደርሱ ብረቱን ተዉትና ክፍተቱን እዩ። በትልቁ መስቀል ውስጥ ትንንሽ መስቀሎች አሉ፣ አንዳንዶቹን የሠራቸው ብረቱ ሳይሆን ባዶው ቦታ ነው። ክፍል ውስጥ ኔጌቲቭ ስፔስ እየተባለ የሚነገራችሁ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ታፔላ ልገባ ነበር፣ ግን ባለፈው ቪዲዮ ሥር የተጻፈ ነገር አላስቀምጥ አለኝ። «የአማርኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ለሎጎ አይመችም።» አንድ ሰው ቢሆን አልፈው ነበር፣ ግን ስንቱ ላይክ አድርጎታል! ወገኖቼ፣ ዓረብኛም ትልቅና ትንሽ ፊደል የለውም፣ ዕብራይስጥም የለውም፣ ሎጎ ግን ሞልቷቸዋል። እስቲ በ-ን ጻፏት። ሁለት እግርና አንድ ጣሪያ። ቡ ቀኝ እግሯ መሃል ላይ ቅጥያ ታወጣለች፣ ቢ ቅጥያዋን ወደ ታች ታወርዳለች፣ ባ ግራ እግሯ ያጥራል፣ ቤ እግሯ ሥር ቀለበት ታስራለች፣ ብ በግራ በኩል ትወጣለች፣ ቦ ደግሞ ቀኝ እግሯ ያጥራል። አንድ አካል ሰባት ጊዜ ተንቀሳቀሰ! 33ቱን በሰባት አባዙት፣ 231፣ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር። ሠዓሊው ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምሮ አሜሪካ ገብቶ ስንት ዘመን ከእነዚሁ ፊደላት ሥዕል ሲያወጣ ኖሯል፣ አላለቁበትም። የእኛ ችግር ሌላ ነው። ዊንዶውስ ይዞት የመጣውን ኒያላ ፎንት ለሠርግ ካርድም፣ ለባንክ ማስታወቂያም፣ ለለቅሶም ተጠቅመን «ፊደሉ አስቀያሚ ነው» እንላለን። ኒያላ ምን አደረገ?

ለማንኛውም፣ ታፔላ። በእጅ የተጻፈ ታፔላ ፈልጉ። ጸሐፊው «ምግብ ቤት» ሲል ቦታ አልቆበት የመጨረሻዋን ት እንዴት እንዳጠባት እዩ። ፎንት ይህን አይነግራችሁም።

አሠራሩን በሩጫ ልንገራችሁ፣ ፔን ቱልን፣ ኢላስትሬተር በሚባለው የመሳያ ፕሮግራም ላይ ነጥብ በነጥብ መስመር የምንስልበትን መሣሪያ፣ ታውቃላችሁ ብዬ ነው። ፎቶ አንሱ፣ በእርሳስ ደጋግማችሁ ሳሉ፣ አንዷን መርጣችሁ ኢላስትሬተር ላይ አውጡ፣ ነጥቦቹን ቀንሱ፣ ቀለሙን አጥፍታችሁ በጥቁርና ነጭ እዩት፣ ጥፍር እስኪያክል አሳንሱት። ያኔም ምን እንደሆነ ከተለየ ይሠራል። ያልገባው የፔን ቱሉን ቪዲዮ ይይ፣ ሊንኩ ከታች አለ፣ በዚያው ሰብስክራይብም ይደረግ እንጂ፣ ምን ያስከፍላል?

የሚቀጥለው ሳምንት ሙሉውን በታፔላ ነው። ከየሰፈራችሁ ፎቶ እያነሳችሁ ቴሌግራሙ ላይ ላኩልኝ። ብቻ የባለሱቁን ስልክ ቁጥር ሸፍኑት፣ ደግሞ እኩለ ሌሊት ደውላችሁ «ት-ን ማን ጻፋት?» እንዳትሉት።