ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት፦ የድሮ ዴስክቶፕ ሃርድዌር ምርመራ

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ከአዳማ ነው። ናዝሬት የምትሉም አላችሁ፣ ያው ቤታችን ነው።

ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ አሮጌ ዴል ዴስክቶፕ አለ። ባለቤቷ ሰፈራችን ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት ያላቸው እትዬ ናቸው። ማሽኗ ስትሠራ ስትሠራ ቆይታ ሰማያዊ ስክሪን ታመጣና ትጠፋለች። ማመልከቻው ግማሽ ተጽፎ፣ ደንበኛው ቆሞ እየጠበቀ፣ ድርግም!

«እትዬ፣ እስካሁን ምን ተደረገላት?» አልኳቸው።

«ፎርማት ነዋ ልጄ። ቫይረስ ነው ብለውኝ ሦስቴ ከፈልኩ።»

ሦስቴ! እዚህ ጋ ትንሽ ልቁም፣ ምክንያቱም እናንተም ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ይህንኑ ነው። «ፎርማት ባደርገውስ? አይሻለውም?» ትሉኛላችሁ።

ፎርማት የሚነካው ዲስኩ ላይ የተጻፈውን ነው። ዊንዶውስ ተበላሽቶ ከሆነ ይረዳል። ቫይረስም ከሆነ ይረዳል። የተበላሸ ራም ግን፣ ማለትም ማሽኑ እየሠራ ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ሜሞሪ፣ በፎርማት አይድንም። ጣሪያው እያፈሰሰ ወለሉን መወልወል ማለት ነው።

«ግን እኮ ለሳምንት ያህል ተሽሎት ነበር» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ሊሻለው ይችላል። አዲስ የተጫነ ዊንዶውስ ብዙ ፕሮግራም የለበትም፣ ራሙን ብዙ አይሞላም። የተበላሸችው ቦታ ላይ ምንም እስካላረፈ ድረስ ማሽኑ ደህና ነው። ቀስ በቀስ ፕሮግራም ይጨመራል፣ ብሮውዘር ይከፈታል፣ ያቺ ቦታ ትነካለች። ድርግም!

ከዚህም የባሰ አለ። ችግሩ ዲስኩ ከሆነ፣ ፎርማቱ የሠርግ ፎቶ፣ የደንበኛ ፋይል፣ ሁሉንም ይዞ ይሄዳል። ይሄ ያናድደኛል፣ እውነቴን ነው። ሳይመረመር ፎርማት የሚያደርግ ባለሙያ ሳይመረምር መድኃኒት እንደሚያዝ ሐኪም ነው።

እሺ፣ ወደ ራም ምርመራው። እናቴ ምስር ስትለቅም ላሳያችሁ።

ሰፌዱን ጭኗ ላይ ታደርጋለች። ምስሩን ትዘረጋለች። ከዚያ በጣቷ ጥቂት ጥቂት እያደረገች ወደ አንድ ጎን ትገፋለች። አትቸኩልም። ጠጠሯ እኮ ምስር ትመስላለች! ቀለሟም መጠኗም ያው ነው። ስትጨርስ ሰፌዱን አዙራ እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች። «እማ፣ አሁን ለቀምሽው እኮ» ስላት «ብርሃኑ ከዚህ በኩል ሲመጣ ሌላ ይታያል» ትለኛለች።

ሜምቴስት የሚባለው ፕሮግራም የሚሠራው ይህንኑ ነው። የራሙ እያንዳንዷ ቦታ ላይ አንድ ነገር ይጽፋል፣ መልሶ ያነባል። የጻፈውና ያነበበው ካልተመሳሰለ ጠጠር ተገኘ ማለት ነው። ከዚያ ሌላ ነገር ጽፎ እንደገና ይዞራል፣ ምክንያቱም አንዳንዷ ስህተት የምትታየው ጎረቤቷ ላይ የሆነ ነገር ሲጻፍ ብቻ ነው። ብርሃኑ በሌላ በኩል ሲመጣ ማለት ነው። ሰፌዱ እንደገና ይዞራል፣ እንደገና ይለቀማል።

ስንት ስህተት ሲገኝ ነው መጥፎ የሚባለው? አንድ። አንድ ብቻ! ጥርስ ለመስበር አንድ ጠጠር ይበቃል።

አሠራሩን ቶሎ ቶሎ ልበል፣ ፍላሽ ቡት ማድረግ፣ ማሽኑን ከፍላሽ ማስነሳት ማለት ነው፣ ከዚህ በፊት አሳይቻችኋለሁ፣ ያላያችሁ ቻናሉ ላይ አለ። እግረ መንገዳችሁንም ሰብስክራይብ አድርጉ።

ከሁሉ በፊት ፋይላችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ። ከዚያ ዲስኩ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን የዲስክ ጤና የሚያሳይ ፕሮግራም ትከፍታላችሁ፣ የዲስኩን የተበላሹ ቦታዎች የሚቆጥሩትን 05፣ ሲ5 እና ሲ6 የሚሉትን መስመሮች ታያላችሁ። የመጨረሻው ዓምድ ላይ ሁሉም ዜሮ ከሆኑ ጥሩ። ቁጥሩ በየቀኑ እየጨመረ ከሄደ ዲስኩ እየሞተ ነው፣ ቀይሩት። ከዚያ ሜምቴስት በፍላሽ፤ ዴል ላይ ማሽኑ ሲነሳ ኤፍ12 ተጭናችሁ ፍላሹን ትመርጣላችሁ። እዚያው ኤፍ12 ውስጥ ዳያግኖስቲክስ የሚል የዴል የራሱ ምርመራም አለ። ፍላሽ ከሌላችሁ ዊንዶውስ ውስጥ ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ ብላችሁ ፈልጉ። ሰዓትና ቀኑ በየጊዜው ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 ባትሪ አልቃለች። ቀኑ ሲሳሳት ብሮውዘሩ ድረ ገጹ አስተማማኝ አይደለም ሊላችሁ ይችላል። ያንንም ቫይረስ ነው ያላችሁኝ አላችሁ!

ሙቀቱን አትርሱ፣ በተለይ የአዳማ ልጆች። እነዚያ የነፋስ ማመንጫዎች በከንቱ አልተተከሉም፣ ነፋሳችን አቧራ ይዞ ነው የሚመጣው። የእትዬን ማሽን ስከፍት የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ በአቧራ ተደፍኖ ብርድ ልብስ የለበሰ ይመስል ነበር። ሥራ ላይ 90 ዲግሪ ደርሳ ነበር። በብሩሽ ጠርጌ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መሃል የሚቀባውን ፔስት ቀየርኩላት፣ ወደ 65 ወረደች። ሰማያዊው ስክሪን ግን አልቀረም።

(ምስል፦ ጥቁር ስክሪን ላይ ቀይ መስመሮች)

ይኸው። ሜምቴስት ሩብ እንኳ ሳይሞላ ቀይ ሆነ። ሁለት ራም አላት፣ እያንዳንዳቸው 4 ጊጋ። ገመዱን ነቀልኩ፣ ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንድ ተጭኜ ያዝኩ፣ የቀረውን ኤሌክትሪክ ትጨርስ ብዬ። የራሞቹን ወርቃማ ጥርስ በላጲስ አሸት አሸት አደረግኩ፤ አንዳንዴ ችግሩ እሱ ብቻ ነው። አሁንም ቀይ። እንግዲህ አንድ በአንድ።

አንደኛዋን ብቻዋን ሰካሁ፣ ቀይ። እዚያው ቀዳዳ ላይ ሁለተኛዋን ሰካሁ፣ ንጹሕ። ቀዳዳው ደህና ነው ማለት ነው፣ ጥፋቱ የራሟ ነው። ለማረጋገጥ ሁለተኛዋን ሌሊቱን ሙሉ ተውኳት፣ መብራትም ሳይጠፋ አደረ። ጠዋት ስነሳ አንድም ስህተት የለም።

ማሽኗን ስመልስ የተበላሸችውን ራም በፌስታል ጠቅልዬ ለእትዬ ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩዋት። «ይቺ ናት ሦስቴ ያስከፈለችኝ?» አሉ። ከዚያ ወረቀቱን አስገቡና ያቺን በግማሽ የቀረች ማመልከቻ ከመጀመሪያው መጻፍ ጀመሩ።