ሦስት ቤት በአንድ ግንብ

ክቡራትና ክቡራን የማኅበራችን አባላት፣ ከሩቅም ከቅርብም የመጣችሁ ወዳጆች፣ እንኳን ወደ ኮብሌንዝ በሰላም መጣችሁ።

የዘንድሮውን ዓመታዊ ጉባኤ እዚህ ያደረግነው ለኤልትስ ግንብ ብለን ነው። ነገ አብረን እንሄዳለን። በማርክ ዘመን ጀርመን የነበራችሁ ታውቁታላችሁ፤ በ500 ማርክ ኖት ጀርባ ላይ የነበረው እሱ ነው።

ግንቡ ከሞዘል ወንዝ ብዙም ሳይርቅ፣ ጫካ ውስጥ፣ 70 ሜትር ከፍታ ባለው ቋጥኝ ላይ ቆሟል። ኤልትስባኽ የተባለው ትንሽ ወንዝ በሦስት በኩል ይዞረዋል። በ1157 እ.ኤ.አ. በንጉሠ ነገሥት ፍሪድሪሽ ባርባሮሳ ሰነድ ላይ ሩዶልፍ ፎን ኤልትስ የሚባል ሰው በምስክርነት ተጠቅሷል። ግንቡ እስከ ዛሬ ከዚያው ቤተሰብ እጅ አልወጣም።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን ከ1268 በፊት የሆነው ነው። ኤልያስ፣ ቪልሄልምና ቴዎደሪሽ የተባሉ ሦስት ወንድማማቾች ርስቱን ተከፋፈሉ። የወንድማማች ርስት ስንት ቤት እንዳፈረሰ እናውቃለን። እነዚህ ግን በአንድ ግንብ ውስጥ የየራሳቸውን ቤት ይዘው ኖሩ። የእያንዳንዱ መብትና ግዴታ በጽሑፍ ውል ታሰረ።

ውሉን በህንፃው ላይ ታዩታላችሁ። አንድ አርክቴክት በአንድ ጊዜ የነደፈው አይደለም። ሦስቱ ቤቶች ለ500 ዓመት ያህል በየአቅማቸው ሲሠሩ ቆዩ። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ወደ ጎን መስፋት አልቻሉም፤ ወደ ላይ ወጡ። በትንሿ ግቢ ዙሪያ ስምንት ማማዎች ተጠጋግተው ቆመዋል። ታቹ ድንጋይ ነው፤ ከላይ ያሉት ፎቆች በእንጨት የተዋቀሩ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ የሆነውን የሩቤናኽን ቤት መኝታ ክፍል እንዳታልፉት። ጸሎት ቤቷ ከግድግዳው ወደ ውጭ ወጥታ ተሠርታለች። ከመሠዊያ በላይ ሰው መኖር የለበትም ተብሎ ነው።

ችግርም አይቷል። ከ1331 ጀምሮ የትሪር ሊቀ ጳጳስ ባልድዊን ከፊት ለፊቱ ሌላ ምሽግ ሠርቶ በድንጋይ ደበደበው፤ ጌቶቹም በመጨረሻ እጅ ሰጡ። በ1688 እና በ1689 የፈረንሳይ ጦር የራይንን አካባቢ ሲያወድም ግንቡ ተረፈ። ከቤተሰቡ አንዱ የፈረንሳይ ጦር መኮንን ስለነበር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያሳደሰው ከቤተሰቡ ካርል የሚባለው ግራፍ (የጀርመን መኳንንት ማዕረግ ነው) ነው። በዚያ ዘመን ብዙዎች አሮጌ ግንብ ሲያድሱ የራሳቸውን ምናብ ይጨምሩበት ነበር። እሱ የነበረውን መልክ ጠበቀ። ለዚህ ትልቅ ክብር አለኝ።

ሦስቱ ቤቶች ለምክር የሚሰበሰቡት በትልቁ አዳራሽ ነበር። ግድግዳው ላይ የአጫዋቾች ጭንብል አለ፤ እዚህ ሁሉም ያሻውን ይናገር ማለት ነው። ከበሩ በላይ ጽጌረዳ ተቀርጿል፤ የተባለው ከዚህ አይውጣ ማለት ነው።

የነገ መንገዱ ቁልቁለት ስለሆነ ምቹ ጫማ አድርጉ። ውስጥ ፎቶ ማንሳት አይፈቀድም። ዛሬ የሂሳብ ሪፖርትና ምርጫ አለን፤ ያላችሁን ሁሉ ሳትሳቀቁ ተናገሩ። ጉባኤው ተከፍቷል።