የካች አውራጃ፦ ጨውና የዝናብ ውሃ የሚሻሙበት ምድር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከየአካባቢው የመጣችሁ የግጦሽ መሬትና የውሃ ባለሙያዎች፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ እንግዶች፤ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ።

መርሐ ግብሩን ገልጣችሁ «ስለ አፋርና ስለ ቦረና ሳንጨርስ ሕንድን ምን አመጣው?» ያላችሁ እንደምትኖሩ እገምታለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ከንግግሬ አጋማሽ ላይ ታገኙታላችሁ፤ እስከዚያ ግን ስለ አንድ አውራጃ ብቻ ልናገር ነው። ሕንዶች ዲስትሪክት የሚሉትን እኔ አውራጃ እለዋለሁ፣ ወረዳ ብለው ስፋቱ አይገባምና። የማነሣቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካች በጉጃራት ክፍለ ግዛት ምዕራባዊ ጫፍ ላይ ያለ፣ 45,674 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን፣ በቆዳ ስፋቱ ከሕንድ አውራጃዎች ሁሉ ትልቁ ነው። ከዴንማርክ ይበልጣል። በ2011 በተደረገው ቆጠራ 2,092,371 ሰው ነበረው፤ በካሬ ኪሎ ሜትር ሲሰላ ወደ 46 ሰው መሆኑ ነው፤ ለሕንድ ይህ ባዶ መሬት እንደ ማለት ነው። ዋና ከተማው ቡጅ ነው። መሬቱ መሐሉ ላይ ጎበጥ ብሎ ወደ ዳር ዳሩ ስለሚያዘቀዝቅ ስሙን ከኤሊ ጋር የሚያያይዙት አሉ። ከ90 የሚበልጡ ትናንሽ ወንዞች ከዚያ ጀርባ ላይ ተነሥተው ግማሾቹ ወደ ደቡብ፣ ወደ ባሕሩ፣ ግማሾቹ ወደ ሰሜን፣ ወደ ጨው ሜዳው ይወርዳሉ። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ አንድም የለም። ዝናቡ በአማካይ ከ350 እስከ 400 ሚሊ ሜትር ሲሆን በጥቂት ቀናት ወርዶ ያልቃል፤ በአማካዩ ተማምኖ ያቀደ ግን ብዙ ጊዜ ተሞኝቷል።

ያ ጨው ሜዳ ራን ይባላል፤ ታላቁ ራን በሰሜን፣ ትንሹ ራን በምሥራቅ። ትንሹ ከካች አልፎ አጎራባች አውራጃዎችንም ይነካል። ራንን በረሃ ማለት የተለመደ ስሕተት ነው። ከሰኔ ጀምሮ ነፋሱ የባሕር ውሃን በኮሪ የባሕር ክንድ በኩል ወደ ውስጥ ሲገፋው፣ ከራጃስታን በኩል ደግሞ የወንዞች ጎርፍ ሲመጣበት፣ ሜዳው እስከ ጉልበት በሚደርስ ውሃ ይሸፈናል። ከጥቅምት በኋላ ውሃው ተንኖ ነጭ ቅርፊት ትቶ ይሄዳል። ወደ ካች የሚሄደውን ቱሪስት የሚያጓጓው ይህ ቅርፊት ነው። ለእኛ የሚጠቅመን ግን ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነው፦ ከፍተኛ ጨው ያለበት የከርሰ ምድር ውሃ፣ በላዩም ላይ በየዓመቱ ለጥቂት ወራት የሚቀመጥ ስስ የዝናብ ውሃ። ካች ላይ የሚኖር ሰው ኑሮው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለችውን መስመር መጠበቅ ነው። በአውራጃው ውስጥ ከከሸፉት ሥራዎች አብዛኞቹን ብንመረምር፣ ጨው ወዴት እንደሚሄድ ሳይጠየቅ የተጀመሩ ሆነው እናገኛቸዋለን።

መስመሩ አንዳንዴ በሰው፣ አንዳንዴ በመሬት ይናወጣል። በምዕራብ ጫፍ ላኽፓት የምትባል የወደብ ከተማ አለች፤ ዛሬ ግንቧ ቆሞ ውስጧ ባዶ ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን የኢንዱስ ወንዝ ምሥራቃዊ ቅርንጫፍ በአጠገቧ ይወርድ ነበርና አካባቢው ሩዝ ያበቅል ነበር። መጀመሪያ የሲንድ፣ ዛሬ በፓኪስታን ውስጥ ያለው የጎረቤት ግዛት፣ ገዢዎች ከላይ በኩል ውሃውን ገደቡት። ከዚያ በሰኔ 16 ቀን 1819 ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆኖ 80 ኪሎ ሜትር የሚያህል ርዝመት ያለው ጉብታ ከሜዳው ብድግ አለ፤ የሲንድሪ ምሽግም በውሃ ተዋጠ። ሕዝቡ ጉብታውን «አላህ ባንድ» አለው፣ የፈጣሪ ግድብ ለማለት። ሰው የሠራውን ግድብ ከሌላው ለመለየት ያወጡት ስም ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚጠጣው ውሃ ቀርቶ ጨዉ ብቻ ሆነ።

የፖለቲካ ታሪኩን በአጭሩ ልለፈው። የጃዴጃ ነገሥታት ከ16ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቡጅን መናገሻ አድርገው ገዙ፤ በ1819 ከእንግሊዞች ጋር ተዋዋሉ፤ ኮሪ የተባለ የራሳቸው ገንዘብ ነበራቸው፤ በ1948 ግዛቱ ወደ ሕንድ ተቀላቀለ፤ በ1956 ከቦምቤይ ጋር ሆነ፤ በ1960 ጉጃራት ሲመሠረት አብሮ ሄደ። በ1965 ሕንድና ፓኪስታን በራን ላይ ተዋጉ፤ በየካቲት 1968 የግልግል ጉባኤ ለፓኪስታን አንድ አሥረኛ ያህሉን ሰጥቶ ቀሪውን ለሕንድ ወሰነ። ነገሥታቱ በየብስ ሲቆራቆሱ የካች ገንዘብ የሚመጣው ግን ከባሕር ነበር። የማንድቪ ጀልባዎች በኅዳርና በታኅሣሥ የሰሜን ምሥራቁን ነፋስ ይዘው ጥጥ ጨርቅ ጭነው ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ይወርዳሉ፤ ነፋሱ ሲገለበጥ የዝሆን ጥርስና ቅርንፉድ ይዘው ይመለሳሉ። በምጽዋ «ባንያን» ይባሉ የነበሩት ነጋዴዎችም ከዚሁ ከጉጃራት ዳርቻ የመጡ ነበሩ።

ወደ ውሃው ልመለስ። ከቡጅ በስተሰሜን ባኒ የሚባል ወደ 2,500 ካሬ ኪሎ ሜትር የሆነ የሣር ሜዳ አለ። ማልዳሪ የሚባሉት አርብቶ አደሮች እዚያ የሚቆፍሩት ጉድጓድ ቪርዳ ይባላል። አቆፋፈሩ ልብ ሊባል ይገባዋል። ቦታው የሚመረጠው የዝናብ ውሃ በሚያቁርበት ረባዳ መሬት ነው፤ ያ ውሃ ሰርጎ፣ ከጨዋማው ይቀልላልና፣ በላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ኩሬው ሲደርቅ ወደ 3 ሜትር ያህል ይቆፈራል፤ ጨዋማው ውሃ ከመነካቱ በፊት ይቆማል። ጎኑ እንዳይናድ እንጨት በአራት ማዕዘን ተረብርቦ ይደገፋል፤ ከእንጨቱ በስተኋላ ሣር ይጠቀጠቃል፣ አሸዋውን እንዲያጣራ። አንዱ ቪርዳ ከሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት ያገለግላል። ሰው ቸኩሎ ብዙ ውሃ በአንድ ቀን ከቀዳ ከሥር ያለው ጨው ሽቅብ ይወጣል፤ አንዴ ከወጣ ለዚያ ዓመት ጉድጓዱ ተበላሽቷል። ስለዚህ በአንድ ረባዳ ብዙ ቪርዳ ይቆፈርና በተራ ይቀዳል። ፓምፕ ይዞ የሚመጣ የልማት ሠራተኛ መጀመሪያ የሚያበላሸው ይህንን ነው።

ብልሃቱ የዛሬም አይደለም። በራን ውስጥ በኻዲር ደሴት የምትገኘውና ዩኔስኮ በ2021 በዓለም ቅርስነት የመዘገባት የዶላቪራ ከተማ ከ4,000 ዓመት በፊት በሁለት የክረምት ጅረቶች መካከል ተሠርታ በድንጋይ ማጠራቀሚያዎች ተከብባ ነበር፤ ከእነሱ አንዱ ወደ 73 ሜትር ርዝመት፣ 29 ሜትር ወርድና 10 ሜትር ጥልቀት አለው። ዛሬም የቡጅ ሐይቅ ሐሚርሳር በክረምት ሞልቶ ሲፈስ ከተማው ሥራ ዘግቶ በዓል ያደርጋል። የዝናብ መጠን በበዓል የሚለካበት ከተማ ብዙ አላውቅም።

ጨው የሚያበላሽ ብቻ ሳይሆን የሚበላም ነው። የሕንድን ጨው አብዛኛውን የምታመርተው ጉጃራት ናት። በትንሹ ራን አጋሪያ የሚባሉት ቤተሰቦች ከጥቅምት እስከ ግንቦት መጨረሻ ሜዳው ላይ ጎጆ ቀልሰው ይቀመጣሉ። ጭቃው ሲጠነክር ጉድጓድ ቆፍረው ከባሕር ውሃ እጅግ የሚጠነክር ጨዋማ ውሃ በፓምፕ ያወጣሉ። ውሃው የሚተኛበት መደብ ይስተካከላል፤ ከዚያ ለቀናት በእግር ይረገጣል። ርግጫው ከተጓደለ ውሃው ወደ ታች ይሰርግና የወሩ ነዳጅ በከንቱ ይቀራል። ውሃው ከመደብ ወደ መደብ እየተዛወረ ይጠነክራል። የሚለካው ቦሜ በሚባል የእፍጋት መለኪያ ነው፦ የባሕር ውሃ ከ3 እስከ 3.5 ዲግሪ ነው፤ 13 አካባቢ ጀሶው መዝቀጥ ይጀምራል፤ 25 ሲደርስ ወደ መጨረሻው መደብ ይለቀቅና የምግብ ጨው ይዘቅጣል፤ 29 ላይ የተረፈው መራራ ውሃ መደፋት አለበት። ጀሶው ቀደም ባለው መደብ ካልቀረ ጨዉ ቆሻሻ ይሆናል። መራራው ውሃ በጊዜ ካልተደፋ የማግኒዚየም ጨዎች ይቀላቀሉበትና ጣዕሙ ይመራል፣ ጆንያ ውስጥም እርጥበት እየሳበ ያልባል። የአፍዴራ አምራቾች ወዳጆቻችን ይህን ሲሰሙ ፈገግ ሲሉ አያለሁ፤ የጆንያው ላብ ከየት እንደሚመጣ ያውቁታልና። በመሐሉ ደግሞ የጨው ቅርፊቱ አንድ ድንጋይ እንዳይሆን ጥርስ ባለው እንጨት በየጊዜው ይፈገፈጋል። የአጋሪያው ትልቁ ወጪ የፓምፕ ናፍጣ ነበር፤ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ፓምፕ መግባቱ እዚህ ላይ ለውጥ አምጥቷል። ያለ ወቅቱ የሚጥል ዝናብና ከመስኖ ቦይ የሚተርፍ ውሃ ግን የስድስት ወር ድካምን በአንድ ሌሊት ያሟሟሉ። ውሃ በመብዛቱ የሚከስር ገበሬ ማለት አጋሪያ ነው።

አሁን ወደ ገባሁት ቃል። ባኒ በ1955 በመንግሥት ጥብቅ ደን ተባለ፣ ዛፍ የሌለበት የሣር ሜዳ ሆኖ ሳለ። ስያሜው ዋናው ጥፋት ነበር ብል ማጋነን አይመስለኝም፤ ደን የተባለ መሬት ዛፍ ይተከልበታልና። በ1961 ጨው ከራን ወደ ሜዳው እንዳይገፋ ተብሎ ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ በ31,550 ሄክታር ላይ ተተከለ። አፋር ውስጥ «ወያኔ» የምንለው፣ የመካከለኛው አዋሽን ግጦሽ የዋጠው ዛፍ ነው። እነሱ «ጋንዶ ባቫል» ይሉታል፣ እብድ ግራር። በዚያው ዘመን ወደ ባኒ በሚወርዱት ወንዞች ላይ ግድቦች ተሠሩ፤ ጨዉን በየክረምቱ ያጥብ የነበረው ጎርፍ ቀነሰ። ጨው የሚጠላው ሣር ሳሳ፣ ጨው የሚችለው ዛፍ ቦታውን ወሰደ። ሁለቱን ውሳኔዎች ለየብቻ የሚያጠና ሰው ዛፉን ብቻ ይወቅሳል።

ከብቱ ምን ሆነ? የካንክሬጅ ከብቶች በበጋ የዛፉን ፍሬ በብዛት ሲበሉ ይታመማሉ። የፍሬው ስኳር በጨጓራቸው ውስጥ ሣር የሚፈጩትን ባክቴሪያዎች ያዳክማል፤ ከብቱ ሆዱ ሞልቶ ይከሳል፣ ይሞታልም። ዘሩ ግን በደህና ያልፍና በፋንድያ ውስጥ ማዳበሪያ ተሰጥቶት ይወጣል። አርብቶ አደሮቹ የበለጠ ወደሚቋቋመው ወደ ባኒ የውሃ ጎሽ አዘነበሉ። ይህች እንስሳ ሙቀቱን ሸሽታ ሌሊት ለብቻዋ ትሰማራለች፣ ጎሕ ሲቀድ ለመታለብ ራሷ ትመጣለች፤ ጥሩዋ በቀን 12 ሊትርና ከዚያም በላይ ትሰጣለች። መንገድና ማቀዝቀዣ ባልነበረበት ጊዜ ወተቱ እየተፈላ ማዋ ወደሚባል ጥጥር ምግብ ይለወጥ ነበር፤ ማገዶውም ያው ዛፍ ነበር። በ2009 የአውራጃው የወተት ኅብረት ሥራ ዩኒየን ሲቋቋም ወተቱ እንደ ወተት መሸጥ ጀመረ።

ከዛፉ ከሰል ማክሰሉ በ2004 ተፈቀደ፣ በ2008 ዳግም ታገደ። ከዚህ የምንማረው ዘዴው ላይ ነው። ግንዱ ከመሬት በላይ ሲቆረጥ አንዱ ዛፍ አሥር ቀንበጥ አውጥቶ ይመለሳል፤ ለከሰል ነጋዴ ደስታ፣ ለሣሩ ሞት። ለማጥፋት ቡቃያው የሚነሣበት የሥር አንገት፣ ከአፈር በታች ከ10 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ተቆፍሮ መውጣት አለበት። ፍሬው ለመኖ የሚውል ከሆነም ዘሩ እስኪደቅ መፈጨት አለበት፤ በከፊል ከተሰበረ ዘር መዝራት ነው። ሌላ ጉዳይም አለ፦ ዛፉ ማር፣ ሙጫና ማገዶ ስለሚሰጥ፣ ይጥፋ በሚለው ላይ ማልዳሪዎቹ ራሳቸው አንድ ድምፅ የላቸውም። ሜዳው የማን ነው የሚለውን በ2006 በወጣው የደን መብቶች ሕግ እየተከራከሩበት ነው።

ስለ ጥር 26 ቀን 2001 አለመናገር አይቻልም። መጠኑ 7.7 የተለካው የመሬት መንቀጥቀጥ ቡጅን፣ ባቻውንና አንጃርን አፈረሰ፤ በጉጃራት እስከ 20,000 የሚደርስ ሰው አለቀ። በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ ላይ ከባድ ኮንክሪት የተጫነባቸው ቤቶች ሲናዱ፣ የባኒ ክብ የሣር ክዳን ጎጆዎች፣ ቡንጋዎቹ፣ ብዙዎቹ ቆመው ቀሩ፤ ክብ ግድግዳ ግፊቱን ዙሪያውን ያካፍላል፣ ክዳኑም ቀላል ነው። መልሶ ግንባታው ባለቤቱ ራሱ እንዲሠራና ገንዘቡ መሐንዲስ ደረጃውን እያየ በክፍል እንዲለቀቅ መደረጉ በበጎ ይነሣል። ሌላ ብዙ የማይወራ ነገር ደግሞ አለ፦ በዳማድካ መንደር አጅራክ የሚባለውን ባለ ቀለም ጨርቅ የሚያትሙ ባለሙያዎች ውሃቸው ከመንቀጥቀጡ በኋላ ብረት በዛበት። ብረት ቀለሙን ያበላሻል። ስለዚህ ከቡጅ አጠገብ አጅራክፑር ብለው አዲስ መንደር ቆረቆሩ።

ከዚያ በኋላ መንግሥት ለአዳዲስ ፋብሪካዎች የአምስት ዓመት የኤክሳይስ ግብር እፎይታ ሰጠ፤ ኢንዱስትሪ ጎረፈ። በ1947 ሕንድና ፓኪስታን ሲከፈሉ የካራቺ ወደብ ለፓኪስታን በመቅረቷ በ1950ዎቹ የተሠራው የካንድላ ወደብና በኋላ የመጣው ሙንድራ አውራጃውን ከሕንድ ታላላቅ የጭነት በሮች አንዱ አድርገውታል። በዳርቻው ላይ ግን ገበሬው ለተምርና ለሮማን ሲል ከሚሞላው በላይ ውሃ ሲስብ የባሕሩ ጨው ወደ ጉድጓዱ ገብቷል። ያው የቪርዳው ሕግ፣ በትልቁ።

ዛሬ ከሰዓት በፊት የምንሰማው የመጀመሪያው ጽሑፍ በአፋር፣ በአሚባራ ወረዳ፣ ስለ ፕሮሶፒስ ፍሬ መፍጨት ነው። አቅራቢውን አንድ ጥያቄ እንድትጠይቁልኝ እፈልጋለሁ፦ ከወፍጮው በኋላ ስንቱ ዘር በሕይወት ይወጣል፣ በምንስ ተለካ? ሁለተኛው ስለ አፍዴራ ኩሬዎች ሲሆን የቦሜ መለኪያ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ከሻይ በፊት ሞክሩት።

የዘንድሮው ጉባኤያችን መከፈቱን በደስታ እገልጻለሁ። አመሰግናለሁ።