በ«ቴ» ውስጥ ያለሁት እኔ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ በዚህ ፖድካስት እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነው የማወራው። ርዕሱን ገና ስናገር የሁለተኛ ደረጃው የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ትዝ ብሏችሁ ልታመልጡኝ ትችላላችሁ። ስለዚህ ርዕሱን ከመናገሬ በፊት አንድ ነገር ላስይዛችሁ።

«ቤት» ብላችሁ ጻፉ። ወረቀት ከሌላችሁ በሐሳባችሁ ጻፉት። ሁለት ፊደል ነው። አሁን ቤቱን የእኔ አድርጉት፤ «ቤቴ»። ምን ጨመራችሁ? ፊደል አልጨመራችሁም፤ ቅድም ሁለት ነበሩ፣ አሁንም ሁለት ናቸው። አዲስ የመጣችው በመጨረሻዋ ፊደል እግር ላይ የተንጠለጠለች ትንሽ ቀለበት ናት። እንግዲህ እኔ፣ ኪራይ ከፋዩ፣ ጣሪያው ሲያፈስ ባልዲ የምደቅነው ሰውዬ፣ ያለሁት እዚያች ቀለበት ውስጥ ነው። ቀለበቷን አጥፉና በጎን በኩል አጭር ጭረት አውጡ፤ «ቤቱ» ይሆናል። እኔ ወጣሁ፣ እሱ ገባ።

ርዕሳችን ይኸው ነው፤ ቃል ከምን ከምን ይሠራል? የሰዋስው መምህራን፣ ከዚያ በታች ቢከፈል ትርጉም የማይሰጠውን ትንሹን የቃል ክፍል «ምዕላድ» ይሉታል። «ቤት» ብቻውን መቆም ስለሚችል ነጻ ምዕላድ ነው። በ«ቤቴ» መጨረሻ ያለው «ኤ» ግን ተደጋፊ ነው፤ ጥገኛ ምዕላድ ይባላል። ከፊት የሚቀጠለው ባዕድ መነሻ፣ ከኋላ የሚቀጠለው ባዕድ መድረሻ ይባላል። ስያሜዎቹን በዚሁ ልተዋቸው፤ እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው።

እንጀራዬ የሰው ጽሑፍ ማረም ነው። ቀኑን ሙሉ ቃል ሳይ ስለምውል በጊዜ ብዛት አንድ ጥርጣሬ አድሮብኛል። ትምህርት ቤት ቃልን በሰረዝ እየቆረጥን መነሻ፣ ዋና ቃል፣ መድረሻ እያልን ነው የተማርነው። «ቤት» ሰረዝ «ኦች»፣ «ደግ» ሰረዝ «ነት»። ይህ ለስሞቹ እምብዛም አይከፋም። ወደ ግሱ ስትመጡ ግን ሰረዝ የሚገባበት ቦታ ይጠፋል። የአማርኛ የቃል ክፍሎች እንደ ባቡር ፉርጎ ተራ በተራ አይቀጣጠሉም፤ አንዱ በሌላው ሰውነት ውስጥ ይገባል። ፊደላችን ደግሞ ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ምልክት ስለሚጽፍ ስፌቱን ይሸፍንልናል።

«ሰበረ»ን እንውሰድ። ሥሩ ሦስት ድምፅ ነው፤ ስ፣ ብ፣ ር። ሦስቱን ብቻ ይዞ ገበያ የሚወጣ ሰው የለም። በመካከላቸው አናባቢ ሲገባ ነው ቃል የሚሆኑት፤ ሰባሪ፣ ስብራት፣ ስባሪ፣ ሰባበረ፣ አሰባበር፣ መስበሪያ። ስባሪ ሳንቲም የለኝም የሚለው ሰው፣ አጥንቱን ጠግኖ ስብራቱን የሚያሽለት ወጌሻ፣ ሁለቱም ከእነዚያ ሦስት ድምፆች ይቀዳሉ። «ሰበር» ራሱ የሚገርም ዕድል ገጥሞታል። ሰበር ችሎት አለ፣ ሰበር ዜናም አለ። የችሎቱ ስም ከፈረንሳዮች የፍርድ ቤት ወግ፣ ማለትም ውሳኔን ከመስበር የመጣ ነው፤ የዜናው ደግሞ ከእንግሊዝኛ የዜና ክፍሎች የተተረጎመ ነው። በሁለት የተለያየ መንገድ የመጡ እንግዶች አማርኛ ቤት ደርሰው በአንድ ስም ተጠሩ። ዳኛውና ጋዜጠኛው ይህን የሚያውቁ አይመስለኝም።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የአድራጊው ስም ነው። ሰበረ፣ ሰባሪ። ነገረ፣ ነጋሪ። እዚህ መጨረሻዋ ላይ «ኢ» ቁጭ ብላ ትታያለች። ወደደ ሲሆንስ? «ወዳዲ» አንልም፤ ወዳጅ ነው። ወለደ፣ ወላጅ። መረጠ፣ መራጭ። ለመነ፣ ለማኝ። ጨረሰ፣ ጨራሽ። ከፈለ፣ ከፋይ። «ኢ» የት ሄደች? አጠገቧ ያገኘችውን ተነባቢ ለወጠችውና ጠፋች፤ ድን ጅ፣ ጥን ጭ፣ ንን ኝ፣ ስን ሽ፣ ልን ይ አደረገችው። አድራጊነት የሚባለው ትርጉም አሁን ያለው በተለወጠው ድምፅ ላይ ብቻ ነው። ለሴት ትእዛዝ ስትሰጡም ያው ነው፤ ወንዱን «ውሰድ»፣ ሴቷን «ውሰጂ» ትላላችሁ። ሴትነቷ «ድ»ን አለስልሳ «ጅ» አድርጋዋለች። በዚህ ቦታ ሰረዝ አግቡ ብትባሉ የት ታገቡታላችሁ?

ከዚህ የባሰም አለ፤ በወረቀት ላይ ጭራሽ ቀለም የማይነካው ምዕላድ። «ዛሬ ሥጋ አይበላም»። ይህን ዓረፍተ ነገር ለሁለት ሰዎች ጽፌ ብሰጣቸው አንዱ አላልቶ ያነበዋል፤ እንግዲያው የሆነ ሰው ዛሬ ሥጋ አይበላም፣ ምናልባት ሆዱን አሞት ይሆናል። ሌላው ያጠብቀዋል፤ እንግዲያው ጾም ነው፣ ሥጋ አይበላም። ፊደሉ አንድ ነው። ልዩነቱ «በ» ላይ እና «ላ» ላይ በሚያርፈው ጥብቀት ነው። «ተበላ» ስንል ፊት ለፊት የምትታየው ተደራጊዋ «ተ»፣ «ይበላል» ስንል ጎረቤቷ ውስጥ ትገባለች፤ ጎረቤቷም ትጠብቃለች። «ይመታል» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ መቺውም ተመቺውም በአንድ አጻጻፍ ያድራሉ። ለባለቅኔ ይህ ሲሳይ ነው፤ ለእኔ ለአራሚው ግን ጦስ ነው። የጥብቀት ምልክት በመማሪያ መጻሕፍት አልፎ አልፎ ይታያል፤ በጋዜጣ ላይ ግን የለም። ቢኖር እመርጥ ነበር፤ ሆኖም ለዚህ የሚሰለፍ ሰው አላገኘሁም።

የአክስቴ ልጅ ልጁን ያሳደገው ዋሽንግተን አካባቢ ነው። አንድ ጊዜ ስልኩን ልጁ አነሣና አባትህ ከሥራ መጣ ወይ ብዬ ብጠይቀው «አይደለም መጣ፣ ጋሼ» አለኝ። ሣቅሁ፤ ቆይቼ ግን የልጁ አመክንዮ ገባኝ። እሱ በሚውልበት ቋንቋ እምቢታ ራሱን የቻለ ቃል ነው፤ ስለዚህ በአማርኛም እንዲህ ያለ ቃል ፈለገና ያገኘውን ከግሱ ፊት አቆመው። አማርኛ ግን እምቢታን በሁለት እጁ ነው የሚይዘው፤ «አል» ከፊት፣ «ም» ከኋላ፣ አልመጣም። አንድ ትርጉም ነው፤ ሁለት ቦታ ተቀምጧል። ይበልጥ የሚያስቸግረው ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ ጥገኛ ሲሆን የኋላው እጅ መለቀቁ ነው። «ካልመጣ» እንላለን እንጂ ለእምቢታው ብለን «ካልመጣም» አንልም፤ «ያልመጣ ሰው» እንጂ «ያልመጣም ሰው» አንልም። አዲስ አበባ ውስጥ ገና ትምህርት ቤት ያልገባ ልጅ ይህን አይስትም። ማን አስተማራቸው? ማንም አላስተማራቸውም።

«አላስተማራቸውም»፤ እስቲ እሱን ራሱን ፍቱት። አል፣ አስ፣ ተ፣ ማር፣ ቸው፣ ም፤ በመካከል የተዋጠውን አናባቢ ሳንቆጥር። እምቢታው፣ አስደራጊው፣ ግሱ፣ ተቀባዮቹ በአንድ ቃል ውስጥ ተጠቅጥቀዋል። መካከል ያለው «ማር» ደግሞ የራሱ ምሥጢር አለው። «ተማረ» ስትሉ ከሥሩ የሚሰማችሁ ም እና ር ነው፤ «መምህር» እና «ትምህርት» ስትሉ ግን መካከላቸው «ህ» ብቅ ትላለች። ግእዙ «መሀረ» ነው። አማርኛ ከጊዜ በኋላ ያንን የጉሮሮ ድምፅ ውጦታል፤ ሥሩ ግን ሦስት እንደ ነበረ ትምህርት ቤት በር ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ይህን ሁሉ ፈረንጅ አላስተማረንም። በቅኔ ቤት ተማሪው ግስ ሲገስስ ይከርማል። የግእዝ ግሶችን የሚያስተዳድሩ ስምንት አርእስት አሉ፤ ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ተንበለ፣ ባረከ፣ ማኅረከ፣ ሴሰየ፣ ክህለ፣ ጦመረ። አዲስ ግስ ሲያጋጥመው ከየትኛው ቤት እንደሚመደብ ካወቀ ርባታውን ሁሉ ያወጣዋል። ቃሉን በመሸምደድ ፋንታ ቃል የሚፈለፈልበትን ቅርጽ ይይዛል ማለት ነው። ደስታ ተክለ ወልድን የመሰሉ የመዝገበ ቃላት አባቶችም ያደጉት በዚሁ ትምህርት ነው፤ በ1962 ዓ.ም. የታተመው ትልቁ መዝገበ ቃላታቸው የዚያ ፍሬ ነው። በሥር የተደረደረ መዝገበ ቃላት ገልጣችሁ «መታወቂያ»ን በ«መ» ብትፈልጉ ደክማችሁ ትቀራላችሁ፤ ዘመዶቹ ካሉበት፣ ከ«ዐወቀ» ሥር ሂዱ። እዚያው «ማስታወቂያ»ን፣ «ዕውቀት»ን፣ «ትውውቅ»ንም ታገኟቸዋላችሁ። የቀበሌው ወረቀትና በአስፋልቱ ዳር የተሰቀለው የሳሙና ሥዕል እኅትማማቾች ናቸው።

ኮምፒውተሬ ግን ቅኔ ቤት አልገባም። «ሰበረ» ብዬ ብፈልግ «ስብራት»ን አያመጣልኝም፤ ለእሱ በ«ሰ» እና በ«ስ» መካከል ዝምድና የለም። ይህን ለመፍታት የደከሙ ሰዎች አሉ። የአሜሪካው የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ምሁር ማይክል ጋሰር የአማርኛ፣ የኦሮምኛና የትግርኛ ቃላትን ወደ ሥራቸውና ወደ ቅጥያቸው የሚፈታ ሆርንሞርፎ የሚባል ፕሮግራም ሠርተዋል። እኔ በየቀኑ የምጽፍበት ማረሚያ ግን እስካሁን ትክክለኛውን ቃል ሁሉ በቀይ ያሰምርብኛል።

በጣም የምወደውን ልንገራችሁ፤ መድገም። «ቀመሰ» ማለት ቀመሰ ነው። «ቀማመሰ» ሲባል ግን ሰውዬው ድግስ ቤት ከዚህም ከዚያም እያነሣ ሲዞር ይታያችኋል። ጠየቀና ጠያየቀ፣ ነካና ነካካ፤ ከራሱ ከቃሉ አንድ ድምፅ ተበድሮ ራሱን አበዛ። ስሞች ደግሞ ሙሉ በሙሉ ይደገማሉ፤ በመካከላቸው «ኣ» ትገባለች። ጨርቃ ጨርቅ፣ ብረታ ብረት፣ ቅጠላ ቅጠል፣ ቅመማ ቅመም፣ ሸቀጣ ሸቀጥ። ይህ «ጨርቆች» ከማለት ጋር አንድ አይደለም። «ጨርቆች» ሊቆጠሩ ይችላሉ፤ ጨርቃ ጨርቅ ግን ዓይነቱ የበዛ፣ መደርደሪያውን የሞላ ነገር ነው። ደግሞ ያለ ልክ አይሠራም፤ «ወንበራ ወንበር» የሚል መደብር አላየሁም፤ ብሰማ ግን ወዲያው የሚገባኝ ይመስለኛል።

ስለ ብዙ ቁጥር ካነሣን የሥራዬን ጣጣ ልናገር። «ካህናቶች»፣ «ሊቃውንቶች»፣ «መላእክቶች» ብሎ የሚጽፍ ደራሲ ይመጣል። ግእዙ በ«ካህናት» አብዝቶት ሳለ አማርኛው «ኦች» ጨመረበት። ይህን መሰረዝ ሥራዬ ነው፤ እሰርዛለሁ። ነገር ግን ሰዎች ቋንቋ አያውቁም ብሎ መቆጣቱ አይዋጥልኝም። ያ ደራሲ የግእዙ ማብዣ ሕያው ሆኖ አይሰማውም፤ ሕያው የሆነለት «ኦች» ነው፤ ስለዚህ በሕያው ነገር አበዛ። ነጠላውና ብዙው ከተምታቱ በኋላ የትኛው እንደሚያሸንፍ ደግሞ አራሚ አይወስንም።

ክፍሎቹን ደምሮ ትርጉሙን ማግኘትም ሁልጊዜ አይሳካም። «ደግ» ላይ «ነት» ሲጨመር ደግነት ይሆናል። «ሰው» ላይ «ነት» ሲጨመር ግን «ሰውነት»፤ ይህ ደግሞ ጂም ቤት ሄደን የምናሳምረው ሥጋና አጥንት ነው። የዋናውን ትርጉም ቦታ ለመሙላት «ሰብአዊነት» መምጣት ነበረበት።

አሁን ወደ ባዕዳኑ እንምጣ። «ፊርማ» ጣሊያንኛ ነው። አማርኛ ግን ፍ፣ ር፣ ም የሚሉትን ሦስት ድምፆች መዘዘና «ፈረመ» አለ፤ ከዚያ ወዲያ ማን ያቆመዋል? ተፈረመ፣ አስፈረመ፣ ፈራሚ፣ ተፈራረሙ፣ አፈራረም። ውል ተፈራረምን ሲል የጣሊያን ቃል ማባዛቱን ልብ የሚል ነጋዴ የለም። «ፓርክ» እና «ቻርጅ» ግን እንዲህ አልቀናቸውም፤ ዛሬም «ፓርክ አደረገ»፣ «ቻርጅ አደረገ» እየተባሉ በሞግዚት ይሄዳሉ። ለምን ፊርማ ገብቶ ፓርክ በር ላይ ቀረ? ድምፅ አልጎደለውም፤ ፕ፣ ር፣ ክ ሦስት ናቸው። የዕድሜ ጉዳይ ይመስለኛል፤ ደግሞ «ፐረከ» ሲባል ለጆሮ ስድብ ይመስላል።

የዚህ የእኔ ዝግጅት መጠሪያ ቃል ከሁለቱም የባሰ ነው። «ፖድካስት» አምስት ተነባቢ ተሸክሟል፤ አማርኛ በሦስት፣ ሲበዛ በአራት የለመደ ቋንቋ ስለሆነ ግስ ሊያወጣለት ይቸገራል። የስም ቅጥያዎቹ ግን አልናቁትም፤ ፖድካስቱ፣ ፖድካስቴ፣ ፖድካስቶች ይባላል። ፈረሰኛን፣ በሽተኛን፣ ሦስተኛንና አማርኛን ያለ አድልዎ የምታገለግለው «ኛ» ደግሞ ሥራ ፈትታ አታውቅም። ስለዚህ ሰሞኑን አንዱ አድማጭ በጻፈልኝ መልእክት «ፖድካስተኛው» ብሎ ሲጠራኝ ቀይ እስክሪብቶዬን አላነሣሁም።

በሚቀጥለው ሳምንት እንግዳ ይኖረኛል። ደኅና ሰንብቱ።