የማዘዣው ወረቀት ቀላሉ ነገር ነው

የተከበራችሁ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ማኅበራችን አባላት፣ ከሐረር፣ ከሐረማያና ከጅግጅጋ የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንኳን ወደ ድሬዳዋ በሰላም መጣችሁ። ስለ ሙቀቱ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ መድኃኒት ይዘዝ ወይስ አይዘዝ ከሚለው አጀንዳችን ጋር ስለሚገናኝ ኋላ እመለስበታለሁ።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ቢሮዬ ገብተው በጥቁር ፌስታል የያዙትን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉት። ግማሹ የተበላ፣ ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጥ የሃሎፔሪዶል እንክብል ነው። «ልጄ እጄን አንቀጠቀጠኝ ብሎ ተወው፤ ሌላ ይዘዙለት» አሉኝ። ማዘዝ እንደማልችል ስነግራቸው «ታዲያ ዶክተር የሚሉዎት ለምንድን ነው?» ብለው አፌን አስያዙኝ።

ብዙዎቻችሁ «እኛም እንዘዝ» ስትሉ አሜሪካን ትጠቅሳላችሁ። እውነት ነው፤ ኒው ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ2002፣ ሉዊዚያና በ2004 ለሥነ ልቦና ባለሙያዎች ፈቅደዋል፤ ሌሎችም ግዛቶች ተከትለዋል። የኦሪገን ምክር ቤት ያጸደቀውን ሕግ ግን ገዥዎቹ በ2010 እና በ2017 ውድቅ አድርገውታል። የኒው ሜክሲኮን ሕግ እስከ መጨረሻው ያነበብን ስንቶቻችን ነን? ዶክትሬት ላለው ሰው ሌላ 450 ሰዓት ትምህርት፣ ቢያንስ 100 ሕሙማንን በክትትል ማከም፣ ፈተና፣ ከዚያም ሁለት ዓመት በሐኪም ቁጥጥር ሥር በጊዜያዊ ፈቃድ መሥራት። ሙሉ ፈቃድ ያገኘውም ቢሆን ከሕመምተኛው ሐኪም ጋር መመካከር ግዴታው ነው።

ወደ ሙቀቱ ልመለስ። ለስሜት መዋዠቅ ሕመም የሚሰጠውን ሊቲየም የሚወስድ ሰው በዚህ በድሬዳዋ፣ በከዚራ ፀሐይ ሲያልበው ውሎ ውኃና ጨው ካነሰው፣ ትናንት የተስማማው መጠን ዛሬ በደሙ ውስጥ ተጠራቅሞ ይመርዘዋል። ኩላሊቱና የእንቅርት ዕጢውም በየጊዜው መመርመር አለባቸው። ከሰዓት በኋላ የሚቃመው ጫት ደግሞ እንቅልፍ እየነሳ መድኃኒቱ ያረጋጋውን ያናውጣል። ስለ ጫቱ መጠየቅ እናውቅበታለን፤ የደሙን ውጤት ማንበብ ግን አልተማርንም።

ይከልከል አልልም። በአገራችን ሆስፒታሎች የሥነ አእምሮ ነርሶች ሠልጥነው ያዝዛሉ፤ የሥነ አእምሮ ሐኪሞቻችን ጥቂት ናቸው፣ አብዛኞቹም አዲስ አበባ ናቸው። የምለው ሥልጠናው፣ ላቦራቶሪውና ተቆጣጣሪው ከማዘዣው ይቅደሙ ነው። ለጤና ሚኒስቴር የምናቀርበው ሐሳብም በዚሁ ቅደም ተከተል ይጻፍ።

ለእናትየዋ ያደረግሁላቸው አንድ ገጽ ደብዳቤ መጻፍ ነበር፤ መንቀጥቀጡን፣ ጫቱን፣ መድኃኒቱ የተቋረጠበትን ቀን። ደብዳቤውን ይዤ መድኃኒቱን ወደምታዝዘው የሥነ አእምሮ ነርስ አብሬያቸው ሄድኩ። ነርሷ አንብባ መጠኑን ቀነሰችለት። ያቺ ነርስ ዛሬ ፊት ለፊት ተቀምጣለች፤ ቀጣዩ መድረክ የእርሷ ነው።

ጉባኤው ተከፍቷል።