«ሠርተው አይበሉም እንዴ?»

ስለ ትራንስጀንደር ሰዎች ወሬ ሲነሣ ይቺ ጥያቄ አትቀርም። ትራንስጀንደር የምንለው ሲወለድ የተመዘገበለት ጾታና ራሱን የሚያውቅበት ጾታ የማይገጥምለትን ሰው ነው። በልመና ወይም በወሲብ ንግድ የሚተዳደር አንዱ ከታየ ደግሞ «እጅ እግር አለው አይደል?» ይባላል።

እሺ፣ ጥያቄውን ከቁም ነገር እንቁጠረው። ወደ ሕንድ እንሂድ።

[ምስል፦ ጣቢያ የሚገባ የከተማ ባቡር]

እ.ኤ.አ. 2017፣ ኮቺ ከተማ። አዲሱ የከተማ ባቡር (ሜትሮ) አገልግሎት ሲጀምር 23 ትራንስጀንደር ሰዎችን ቀጠረ፤ ከትኬት ሽያጭ እስከ ጽዳት። ወሬው ዓለምን አዳረሰ። ብዙም ሳይቆይ ግን ከተቀጠሩት አንዳንዶቹ ለቀቁ። ሥራው ከብዷቸው አይደለም። የሚያከራያቸው ጠፋ። አንዱ አከራይ ሲያያቸው በሩን ይዘጋል፤ ሌላው የሚጠራው ዋጋ ከደመወዛቸው ጋር አይገናኝም። ማደሪያ የሌለው ሰው እንዴት አድርጎ ጠዋት በሰዓቱ ሥራ ይገባል?

እነሱስ ቢያንስ ተቀጥረዋል። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው ገና ቃለ መጠይቅ ላይ ነው። ዲፕሎማው ላይ የወንድ ስም አለ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ሴት ናት። ጠያቂው ወረቀቱን ያያል፣ እሷን ያያል፣ እንደገና ወረቀቱን ያያል። ከዚያ በኋላ ስለ ሙያዋ የሚጠይቃት የለም። «እንደውላለን» ትባላለች። ስልኩ አይጮኽም። ይህም ዲፕሎማ ላላት ነው፤ ፌዙና ዱላው አንገሽግሿቸው ትምህርቱን ከመሃል የተዉትም አሉ።

አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ 28 ሺህ የሚጠጉ ትራንስጀንደር ሰዎች በአንድ የዳሰሳ ጥናት ተጠይቀው ነበር። ሥራ አጥ የሆኑት 15 በመቶ ነበሩ፤ ከአገሪቱ አማካይ ሦስት እጥፍ።

ታዲያ የግል ኃላፊነት የሚባል ነገር የለም? እንደሱ አልወጣኝም። ሰዓት ማክበር፣ ሙያ መማር፣ የያዙትን በአግባቡ መያዝ ከማንም እንደሚጠበቀው ከእነሱም ይጠበቃል። እንዲያውም «ምስኪኖች፣ ምን ያድርጉ» ብሎ መተዉ ለእኔ ንቀት ነው። ግን አማራጭ ያልቀረበለትን ሰው «ለምን ይሄን መረጥክ?» ብሎ መውቀስም አያስኬድም።

[ምስል፦ የማታ ትምህርት ክፍል]

አርጀንቲና ይህ የገባት ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣችው ሕግ ቢያንስ 1 በመቶው የመንግሥት ሥራ ለትራንስጀንደር ሰዎች እንዲሆን ደነገገች። ትምህርት ያልጨረሰስ? ይቀጠራል። ነገር ግን የቀረውን ተምሮ ሊጨርስ ግዴታ ይገባል፤ መንግሥትም የሚማርበትን መንገድ የማመቻቸት ግዴታ አለበት። ሁለቱም ወገን ዕዳ አለበት ማለት ነው።

ለኮቺዎቹ ግን ይሄም አይበቃቸውም ነበር። ሥራውማ ነበራቸው፤ ያጡት የቤት ቁልፍ የሚሰጣቸው ሰው ነው።