የመምህራኑን ጡረታ ማን ነው ያልከፈለው?

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጡረታ ነው። ርእሱ ይደብራል ብላችሁ እንዳትዘጉት። እዚህ ቺካጎ ልጅ ትምህርት ቤት የምትልኩም፣ ቤት ያላችሁም፣ ተከራይታችሁ የምትኖሩም ብትሆኑ ጉዳዩ ኪሳችሁን ይነካል። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

በቅርቡ ቡና ላይ ተሰብስበን የንብረት ግብር ነገር ተነሣ። ኩክ ካውንቲ በሚልከው የግብር ወረቀት ላይ ብዙ ሰው የማያየው ሰንጠረዥ አለ። ከግብራችን ድርሻ የሚወስዱት መሥሪያ ቤቶች ምን ያህል ዕዳ እንዳለባቸው፣ ለሠራተኞቻቸው ቃል ከገቡት ጡረታ ምን ያህሉ እንደጎደለ ይዘረዝራል። አንድ በጣም የማከብረው ወንድማችን ቁጥሩን አየና «ከተማዋን የበሏት አስተማሪዎቹ ናቸው» አለ። ይህን ነገር መቀበል አቃተኝ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

የቺካጎ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር በዚህ ሥራው ሶሻል ሴኩሪቲ አያገኝም። እኔና እናንተ በየደሞዙ ይቆረጥብናል፤ ስናረጅ ደግሞ እሱ አለን። መምህሩ ግን ያለው የጡረታ ፈንዱ ነው። የመምህራኑ መዋጮ ከደሞዝ 9 በመቶ ነው። ለረጅም ዓመታት ከዚህ ውስጥ 7ቱን የትምህርት አስተዳደሩ ይሸፍንላቸው ነበር፤ ከ2017 ወዲህ ለተቀጠሩት ይህ ቀርቷል። የሆነው ሆኖ ያ 9 በመቶ በየጊዜው ይገባል። የጎደለው የአሠሪው ድርሻ ነው።

እንዴት ጎደለ? በ1995 የኢሊኖይ ምክር ቤት የቺካጎን ትምህርት ቤቶች ለከንቲባ ሪቻርድ ኤም ዴሊ አስረከበ። በዚያው ሕግ ለመምህራን ጡረታ ይሰበሰብ የነበረው ግብር ለትምህርት ቤቶቹ የዕለት ተዕለት ወጪ እንዲውል ተፈቀደ። ፈንዱ ያኔ ሙሉ ለመሆን ምንም አልቀረውም፤ ገንዘቡ የሚሠራበት የአክሲዮን ገበያም ጥሩ ነበር። ስለዚህ አስተዳደሩ ለአሥር ዓመት ያህል ለጡረታው እዚህ ግባ የሚባል ገንዘብ አላስገባም። ሁሉም ዕቁቡን በወቅቱ እየጣለ፣ ሰብሳቢው ብቻ የራሱን ሳይጥል እንደ መቆየት ማለት ነው። ከዚያ የ2008 የገበያ ውድቀት መጣ። ይባስ ብሎ በ2010 ምክር ቤቱ ለሦስት ዓመት ቀንሳችሁ ክፈሉ አለ። ሦስቱ ዓመት ሲያልቅ ሂሳቡ በአንድ ጊዜ ዘልሎ በዓመት ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ልጆቻችን ላይ የሚደርሰው። በ2013 ወደ 50 የሚጠጉ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። ብዙዎቹ በደቡብና በምዕራብ ቺካጎ፣ ጥቁር ቤተሰቦች በሚኖሩባቸው ሰፈሮች ነበሩ። ምክንያቱ ጡረታው ብቻ አልነበረም፤ የተማሪው ቁጥርም ቀንሷል። ግን አስተዳደሩ 1 ቢሊዮን ዶላር ጎደለኝ ሲል ከጉድለቱ ትልቅ ድርሻ የነበረው ይኸው የጡረታ ክፍያ ነው። በ2015 የተበዳሪዎችን ብድር የመክፈል አቅም የሚመዝነው ሙዲስ የተባለ ድርጅት የአስተዳደሩን የብድር ደረጃ ክፉኛ አወረደው። በ2016 መጀመሪያ 725 ሚሊዮን ዶላር በ8.5 በመቶ ወለድ ተበደረ። እስቲ አስቡት፣ የቤት ብድር እንኳ በዚያ ጊዜ 4 በመቶ አካባቢ ነበር! ያ ሁሉ ወለድ ወደ ክፍል ውስጥ ሊገባ ይችል የነበረ ገንዘብ ነው። በዚያው ዓመት ለጡረታ ብቻ የሚሰበሰበው ግብር በሕግ ተመለሰ። ወንድማችንን ያበሳጨው ወረቀት ላይ እሱም አለበት።

ታዲያ ጡረታውን ለምን አይቀንሱትም የሚል ሰው አለ። አይቻልም። የ1970ው የኢሊኖይ ሕገ መንግሥት ለመንግሥት ሠራተኛ ቃል የተገባ ጡረታ እንዳይቀነስ ይከለክላል። በ2013 የወጣ የጡረታ ቅነሳ ሕግ ነበረ፤ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2015 በሙሉ ድምፅ ሻረው። እኔ ይህ ውሳኔ ትክክል ነው ባይ ነኝ። ሠላሳ ዓመት አስተምሮ ከጨረሰ ሰው ላይ ቃል ማጠፍ ነውር ነው።

የነባሮቹ መነካት ስላልቻለ ሸክሙ ወደ ወጣቶቹ ዞረ። ከጃንዋሪ 2011 ወዲህ ሥራ የጀመረ መምህር የሚከፍለው ያው 9 በመቶ ነው። ሙሉ ጡረታ የሚያገኘው ግን በ67 ዓመቱ ነው። የነባሮቹ ጡረታ በየዓመቱ 3 በመቶ እየተደራረበ ያድጋል። የእሱ ጭማሪ ግን የዋጋ ንረቱን ግማሽ ያህል ነው፣ ለዚያውም ከ3 በመቶ አይበልጥም፣ አይደራረብምም። ልጄ እንግሊዝኛ ሳትችል ክፍል ስትገባ ከትምህርት ሰዓት በኋላ እየቆየች ያስነበበቻት መምህርት ጡረታ ወጥታለች። ደስ ይለኛል፣ ይገባታል። ዛሬ በእሷ ቦታ ያለችው ልጅ እግር መምህርት ግን ያንኑ ሥራ እየሠራች በስተርጅና የሚጠብቃት ከዚያ ያነሰ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ፈንዱ ዛሬም ሊኖረው ከሚገባው ከግማሽ በታች ነው ያለው። ሕጉ 90 በመቶ እንዲደርስ የሰጠው ጊዜ እስከ 2059 ነው። ዘንድሮ መዋዕለ ሕፃናት የሚገባ ልጅ ያኔ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው። ጠቡም ገና አልበረደም። በኦክቶበር 2024 ለበጀትና ለጡረታ ክፍያ የአጭር ጊዜ ብድር እንውሰድ አንውሰድ በሚል ከከንቲባው ጋር ሳይስማሙ ቀርተው ሰባቱም የትምህርት ቦርድ አባላት ሥራቸውን ለቀቁ።

አንድ አዲስ ነገር ግን አለ። የትምህርት ቦርዱ አባላት ድሮ በከንቲባው ይሾሙ ነበር። በኖቬምበር 2024 ሃያ አንድ አባላት ካሉት አዲሱ ቦርድ የመጀመሪያዎቹ አሥሩ በምርጫ ገቡ፤ በ2027 መጀመሪያ ሃያ አንዱም የተመረጡ ይሆናሉ። ዜግነት ያላችሁ፣ እባካችሁ ድምፅ ስጡ። ተወዳዳሪ በራችሁን ሲያንኳኳ ስለ ልጆቻችሁ ክፍል ጠይቁት፤ ቀጥላችሁም የዘንድሮው የጡረታ ክፍያ ሙሉውን፣ በወቅቱ፣ ያለ ብድር ይከፈላል ወይ በሉት። ከየትኛው በጀት እንደሚወጣም በቁጥር ይንገራችሁ።